አክስቷ ነኝ ያልኩ ዕለት

ይህን ታሪክ ከጉንጬ ነው የምጀምረው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ሁለቱም ጉንጮቼ አብጠው አንገቴ የት እንደገባ አይታወቅም። እማዬ ከአገጬ ጀምራ እስከ አናቴ በሻርፕ ሸብ አድርጋኛለች፤ ቋጠሮው አናቴ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆሟል። ታላቅ እህቴ ባየችኝ ቁጥር ትስቅና "ጉንጮ" ትለኛለች። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እሷን ደግሞ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነበር የምንላት፣ ምክንያቱም ካልተኛች በስተቀር አትዘጋም። ሰሃን ስታጥብ ትዘፍናለች፣ ፀጉሯን ስታበጥር ትዘፍናለች፣ እማዬ እየተቆጣቻት እንኳን በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

ያን ዓርብ ጠዋት ግን ሬዲዮ ጭጭ ብላለች።

እኔ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ አያታለሁ። ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ከቦርሳዋ ግን ደብተሮቿን አውጥታ አልጋ ሥር ከተተችና በምትኩ የሚያብረቀርቅ ሸሚዝ አጣጥፋ አስገባች። እማዬ ሥራ ቀድማ ሄዳለች። አባዬ ጭነት መኪና ስለሚነዳ መንገድ ላይ ነው፤ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው አይመለስም።

"ጉንጮ፣ ስሚኝማ" አለችና ሶፋው ጋ ተንበረከከች። "ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል።"

ቆይ፣ እዚህ ላይ የእማዬን ሥራ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እማዬ ሬዲዮ በምትማርበት ትምህርት ቤት የቀሪ መዝገብ ያዥ ነበረች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ የየክፍሉ አለቃ የቀሩትን ልጆች ስም በብጣሽ ወረቀት ያመጣላታል። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ታነሳና የየቤታቸው ትደውላለች። ተማሪዎቹ በስሟ አይጠሯትም፤ "ሦስት ሰዓት" ነው የሚሏት። ቤተሰብ በቂ ምክንያት ከሰጠ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ካልሰጠ በቀይ። በአንድ መንፈቅ ሦስት ቀይ ያገኘ ተማሪ የዓመቱን ፈተና አይቀመጥም። ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው።

ሬዲዮ ሁለት ቀይ ነበራት። ሁለቱንም የጻፈችው እማዬ ራሷ ናት። "የኔ እስክሪብቶ ዘመድ የለውም" ትል ነበር፤ ስትለው ደግሞ አትስቅም። ለፈተናው የቀረው አሥር ቀን ነበር።

"የምትደውለው እማዬ አይደለች እንዴ?" አልኳት።

"ዛሬ ትምህርት ቢሮ ስብሰባ አለባት። የምትደውለው ታይፒስቷ ናት፣ እሷ ደግሞ እኛን አታውቅም። አንሺና 'አክስቷ ነኝ፣ ልጅቷ ታማለች፣ ተኝታለች' በያት። አለቀ።"

"ምን አመማት ብትለኝስ?"

"የመጣልሽን። ብቻ እንዳትስቂ።"

"አንቺ የት ልትሄጂ ነው?"

ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፣ ሰው የሚሰማን ይመስል። "ሜዳው ጋ።"

ሜዳው ማለት ከአውቶቡስ ማዞሪያው አለፍ ብሎ ያለው ነው። ወር ሙሉ በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ የሦስት ቀን የሙዚቃ ፌስቲቫል። ሬዲዮ የምታብድለት ዘፋኝ የሚዘፍነው ደግሞ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው። ለምና ነበር። ቅዳሜ ቢሆን እሺ፣ የትምህርት ቀን ግን አይሞከርም ተብላለች።

"አሥር ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። ከተናገርሽ ጉንጭሽ እንደዚሁ እንዳበጠ ይቀራል።"

አመንኳት። ከዚያ ልምምድ አደረግን። በሽታው ድምፄን ወፍራም አድርጎት ነበር፣ ጥጥ ጎርሶ እንደሚያወራ ሰው። ሬዲዮ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝና "ፐ፣ ልክ የአርባ ዓመት ሴትዮ" አለችኝ። ያን ዓመት ከተባልኩት ሁሉ እንደዚያ ያኮራኝ የለም።

እሷ ከወጣች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። የግድግዳው ሰዓት ሥር ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ እግሬ መሬት አይደርስም። "አክስቷ ነኝ። አክስቷ ነኝ" እላለሁ በሹክሹክታ። ልክ በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ።

"ሄሎ" አልኩ በወፍራሙ።

"እንደምን አደሩ። የምደውለው ከትምህርት ቤት ነው።"

እማዬ ናት።

ስልኩን ልዘጋው ነበር፣ እጄ ግን አልታዘዘኝም። ጉንጮ ብትለኝ እዚያው ሁሉንም ዘርግፌ አለቅስ ነበር። እሷ ግን ያን በሥራ ጊዜ የምታወጣውን፣ የተተኮሰ አንሶላ የመሰለ ድምፅ አልቀየረችም። "ከማን ጋር ነው የምነጋገረው?" አለች።

"አክስቷ ነኝ።"

ከኋላዋ ወንበር ሲንሲያጠጥ ሰማሁ።

"እንዴት አሉ፣ እሜቴ" አለች እማዬ ቀስ ብላ። "ልጅቷ ዛሬ ክፍል አልገባችም። ምክንያቱን ሊነግሩኝ ይችላሉ?"

እማዬ እኔን አንቱ አለችኝ! ተነስቼ ልዝለል ምንም አልቀረኝ። አላወቀችኝም አልኩ በልቤ። የገዛ ቤቷ ደውላ አንዲት ያልታወቀች ሴትዮ ስታነሳ ለምን እንዳልደነገጠች አላሰብኩም፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም።

"ታማለች። ተኝታለች።"

"ይማራት። ምን አመማት?"

እኔ በዓለም ላይ ጠንቅቄ የማውቀው በሽታ አንድ ነው። "ጆሮ ደግፍ።"

እማዬ ትንሽ ፈጠን አለች፤ "ይቅርታ፣ መስመሩ እየተቆራረጠብኝ ነው። ሆድ ቁርጠት ነው ያሉኝ?"

"አይደለም። ጆሮ ደግፍ።"

"ሆዷን ነው አይደል፣ እሜቴ? ሆዷን?"

እየፈተነችኝ መሰለኝ። ጠንከር አልኩ። "ሆዷ ደህና ነው። ሁለቱም ጉንጮቿ አብጠዋል። ሻርፕ አስረንላታል።"

እማዬ ተነፈሰች። "መቼ የሚሻላት ይመስልዎታል?"

"አሥር ሰዓት ላይ።"

"ዛሬ አሥር ሰዓት?"

"አዎ።"

አንድ ሰውዬ ከወዲያ ሲያስል ሰማሁ። "አመሰግናለሁ" አለች እማዬና ዘጋች። እኔ የጥንቸል ጆሮዬን እየነቀነቅኩ ሳሎኑን ሁለቴ ዞርኩት። አሸነፍኩ!

ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ነገር የሰማሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ስብሰባው ጠዋት ተሰርዟል። ያን ሰሞን ደግሞ "የራሷን ልጅ ትሸፍናለች" የሚል ወሬ በመምህራኑ መሃል ይዞር ስለነበር ምክትል ዳይሬክተሩ ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ስልኩንም ስፒከር ላይ አድርጊው ብሏታል። ገና "ሄሎ" ስል አውቃኛለች። በሳሌ እንኳን የምታውቀኝ ሴት ናት። ሆድ ቁርጠት ማለት አንድ ቀን ነው፣ ወረቀት አይጠየቅበትም፣ ሰማያዊ ተብሎ ይታለፋል። እጄን ይዛ ልታሻግረኝ ሁለቴ ሞከረች፣ እኔ ሁለቴ አሻፈረኝ አልኩ። ጆሮ ደግፍ ተላላፊ ነው። አሥራ አምስት ቀን ግቢውን መርገጥ ክልክል ነው።

ምክትሉ ክፉ ሰው አልነበረም አሉ። "ፈተናው ያልፋታላ" ብሎ ከልቡ አዘነ። "የሐኪም ወረቀት ከመጣ ግን ከሁለት ወር በኋላ ከታመሙት ጋር ትፈተናለች። እስከ አሥር ሰዓት አምጪው። ካልመጣ ያው ቀይ ነው፣ ምን ይደረግ።"

የእማዬ ነገር እንግዲህ ይኸው ነበር። ወይ የሐሰት ወረቀት አምጥታ በሰማያዊ ትጽፋለች፣ ወይ በቀይ ጽፋ የልጇን ዓመት በገዛ እጇ ታቃጥላለች።

እኩለ ቀን ሳይሆን በሩ ተከፈተ። እማዬ በዚያ ሰዓት ቤት መጥታ አታውቅም። ትልቁን መዝገብ በብብቷ ይዛለች፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አይቼው የማላውቀውን መዝገብ። ወደ ሬዲዮ ክፍል ገብታ ትንሽ ቆይታ ወጣች። አልጋው ሥር ሳታይ አልቀረችም። ከፊቴ ቆመች።

"አክስቷ የት ሄዱ?" አለችኝ።

እስካሁን አላወቀችም ማለት ነው! "ሄደች" አልኩ። "ቸኩላ ነበር።"

"ሳይቀመጡ?"

"ተቀምጣለች። ውሃ ሰጥቻታለሁ።"

እማዬ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ። ቆይቼ ስጠይቃት "እየሳቅኩም ነበር፣ ሁለቱንም" አለችኝ።

"ጎበዝ ነሽ። እና አክስቷ ልጅቷን የት ነው ያስተኟት?"

እዚህ ጋ ተያዝኩ። ግን ቶሎ መላ መጣልኝ፤ እኔ አይደለሁማ የምናገረው። "አክስቷ እንዳለችው ከሆነ ሜዳው ጋ ናት" አልኩና ጉንጬን ዳበስኩ። አልጨመረም።

ታክሲ ይዘን ወጣን። እማዬ እኔን ብቻዬን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ከኋላ አስቀመጠችኝና "መስኮት እንዳትከፍቺ፣ ሰው ታስይዣለሽ" አለችኝ። መንገድ ላይ ጤና ጣቢያው ጋ አስቆመችው። እኔን ስታክም የነበረችው ነርስ የእማዬ ጓደኛ ናት። እማዬ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በሁለት እጇ ይዛለች፣ እንደሚሰበር ዕቃ። ለኔ መድኃኒት ያዘዙልኝ መሰለኝና ደስ አለኝ።

"ሕፃኗ ተሻላት?" አላት ባለታክሲው። ወሬ የሚወድ ሰውዬ ነበር።

"ደህና ናት። ሜዳው ጋ ውሰደን።"

"እናቴ፣ እርስዎም ለዘፈኑ ነው?"

"ለቀሪ ነው" አለች እማዬ።

ሙዚቃው ከማየታችን በፊት ደረሰን። ከበሮው በመኪናው ወለል በኩል ገብቶ እግሬን ነዘረኝ፣ የበሩ መስታወት እንደ ጥርስ ተንቀጫቀጨ። አቧራው ቢጫ ነው። የጄኔሬተር ጭስና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ወጣቱ ተያይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ማንም ማንንም አያይም። እማዬ በቢሮ ጫማዋና በዚያ ባለ ኪስ ነጭ ሸሚዟ መሃላቸው ገባች። ጀርባዋን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ዋጧት።

ባለታክሲው "አይ የዛሬ ልጅ" ይላል፣ መልሶ ደግሞ በጣቱ መሪውን ከዘፈኑ ጋር ይመታል። አንድ ዘፈን አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ጠፍታ ብትቀርስ ብዬ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ብቅ አሉ። ሬዲዮ ከፊት፣ እማዬ ከኋላ። እማዬ አልያዘቻትም፣ አትጮህም። ሬዲዮ የሚያብረቀርቀውን ሸሚዝ ከዩኒፎርሙ ቀሚስ በላይ ለብሳለች፤ የተኳለችው ጉንጯ ላይ ወርዷል። መኪናው ፊት ቆሙ። እማዬ መዝገቡን ኮፈኑ ላይ ዘረጋችው፣ ወረቀቱን ከጎኑ አስቀመጠች። በመስታወቱና በከበሮው መሃል ቁርጥራጭ ቃል ብቻ ነው የሚደርሰኝ።

"...ሁለት ወር..."

"...ማን ለምኖሽ..."

"...የኔ እጅ አይጽፈውም..."

እማዬ እስክሪብቶ ዘረጋችላት። ሬዲዮ ራሷን ነቀነቀች። እማዬ እስክሪብቶውን ደረቷ ላይ ገፋችው፤ ሬዲዮ መለሰችው። ከዚያ የሬዲዮ እጅ ተወርውሮ የእማዬ ደረት ላይ አረፈ።

መታቻት።

"ወይ ጉድ" አለ ባለታክሲው።

እማዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሬዲዮ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች፣ የሆነ ነገር ጫር አደረገች፣ ቀና አለች። እማዬ መዝገቡን አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አነሳችና ቀደደችው፣ ደግማ ቀደደችው፣ ቁርጥራጩን ከነማኅተሙ ኪሷ ከተተች። ያን ጊዜ ነው እኔ እሪ ያልኩት። የኔ መድኃኒት ነዋ!

እማዬ ጋቢና ገባች። ሬዲዮ ከኔ ጎን። ፀጉሯ አቧራ አቧራ ይላል።

"መድኃኒቴን ቀደድሽው" አልኩ እያለቀስኩ።

"አንቺ ድነሻል" አለች እማዬ፣ ሳትዞር።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምን። እማዬ መዝገቡን ይዛ ገባች፤ ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። አክስቲቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሆኗን ለምክትሉ ነግራው ነበር። ማስጠንቀቂያ ጻፈላት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ያገኘችው ያንን አንድ ብቻ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የማውቀው ሌላ ነው። ሬዲዮ እማዬን መታች፣ እማዬም በንዴት ቀይ አስጽፋ ፈተና ከለከለቻት። ሁለቱንም ተቀየምኩ። እማዬን ግን የበለጠ፤ ትልቅ ሰው እንዴት ቂም ይይዛል ብዬ። ይህን ቅሬታ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይዤው ኖርኩ፣ ተናግሬውም አላውቅም።

ያወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ሬዲዮ ዛሬ ጥርስ ሐኪም ናት። በሽተኛ አፉን ከፍቶ ሲጋደም ታንጎራጉርለታለች፣ ማምለጫ የለው። እኔም መንጋጋዬ ተበላሽቶ ወንበሯ ላይ ወጣሁ። መርፌው እስኪያደነዝዘኝ ድረስ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ያኔ እማዬን ለምን መታሻት?" አልኳት።

እጇ ቆመ። "ማንን?"

"ሜዳው ጋ። ደረቷን።"

"አንቺ ጅል" አለችኝ። ጭምብሏን ዝቅ አደረገች። "ይሄን ሁሉ ዓመት እንደዚያ ነው የምታስቢው? እስክሪብቶ ነው የወሰድኩት። ሰማያዊውን እኮ ነበር የዘረጋችልኝ። ወረቀቱን አሳየችኝ፣ ጻፊውና እንሂድ፣ ሁለት ወር ታጠኛለሽ አለችኝ። የኔ እጅ አይጽፈውም፣ አንቺ ጻፊው አለች። እኔ የጠበቅኩት ጥፊ ነበር፤ ጥፊ ቢሆን እቀበለው ነበር። ቀዩ ኪሷ ላይ ተሰክቷል። መንጭቄ አወጣሁትና ጻፍኩ።"

አፌ ደንዝዟል። ሆድ ቁርጠት ብል ኖሮ፣ ልላት ፈለግኩ። እሷም የገባት መሰለኝ።

"ሆድ ቁርጠት ብትዪማ፣" አለች፣ "አራተኛም አምስተኛም ጊዜ እሄድ ነበር። ክፈቺ።"

"ዘፈኑስ?" አልኩ በግማሽ ምላሴ።

"ግማሹን ነው የሰማሁት" አለችና መሰርሰሪያዋን አስነሳች።

እንግዲህ ፈተናው የተጀመረበትን ሰኞ በሐሳቤ እንደገና ያየሁት ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጉንጬ ጎድሎ ትምህርት የተመለስኩበት ቀን ነበር፤ የትናንሾቹ ክፍል ከትልልቆቹ ጋር አንድ ግቢ ነው። ሦስታችን አብረን ሄድን። ሬዲዮ ዩኒፎርም አልለበሰችም። እማዬ "ቤት ቅሪ፣ ምን ያስኬድሻል" ብላት ነበር፣ እምቢ አለች።

ተፈታኞቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። ስማቸውን ከዝርዝሩ እያነበበች የምታስገባቸው እማዬ ናት። ሬዲዮ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ብረቱን ይዛለች። እኔ ከውስጥ በኩል ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ። እማዬ ታነባለች፣ "አለሁ" ይባላል፣ ልጅ ይገባል። ታነባለች፣ "አለሁ"፣ ይገባል። የሬዲዮ ስም ይመጣበት የነበረው ቦታ ላይ ደረሰች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ተራ የሚጠብቀው ልጅ ቀና ብሎ አያት። መስመሩ የጠፋት መሰለኝ፤ ላሳያት ፈለግኩ። ሬዲዮ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገች፣ ቀጥዪ እንደማለት። እማዬ ጣቷን አንድ መስመር አወረደችና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

ሁሉም ከገቡ በኋላ ወደ አጥሩ መጣች።

"አሁን ቤት ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?" አለቻት።

"ላጠና።"

"ገና ዓመት አለሽ እኮ።"

"ዓመት ምን አላት" አለች ሬዲዮ። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

እማዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ሁልጊዜ ለማንም አልሰጥም የምትለውን የቤት ቁልፍ አወጣች፣ በብረቶቹ መሃል አቀበለቻት።